አባ ኮዳው ሳሎን ይግባ ወይስ አይግባ?

ስለ እጅ ሥራ ዕቃ የምትጠይቁኝን የምመልሰው በዚህ ዓምድ ነው። ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ ሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ሐይቁ አካባቢ የእጅ ሥራ ስሸጥ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ባለቤቴ አናጢ ነው፤ እንጨት ነክ ጥያቄ ሲመጣ እሱንም አማክራለሁ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው አዳማ ነው። በቅርቡ ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ሚኒባስ ተከራይተን ሐዋሳ ሄድን። ጠዋት ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል ዓሣ በልተን ስንወጣ አንድ ልጅ የእንጨት ሥራ ዘርግቶ አገኘን። ጉማሬ አለ፣ ጦጣ አለ፣ ትንንሽ ጀልባ አለ። ከመሐላቸው አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ሐይቁ ዳር የሚውለው ትልቅ ወፍ፣ ቆሟል። ቁመቱ ጉልበቴ ጋ ይደርሳል። ራሱ ላይ ከሣር የተሠራ ረጅም የሀላባ ባርኔጣ ደፍቷል። አፉ ውስጥ ዓሣ አለ። እግሩ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ሳየው ሳቄ መጣ፤ ትቼው መሄድ ግን አልቻልኩም። 3,000 ብር ብሎኝ በ2,500 ገዛሁት።

ከዚያ በኋላ እስከ አዳማ ድረስ ሙድ ያዙብኝ። አንዱ “በዚህ ብር ስንት ዓሣ እንበላ ነበር” አለ። ሌላዋ “እግሩ ነጭ የሆነ አባ ኮዳ የት ይገኛል? ሠሪው ወፉን አይቶትም አያውቅ” አለችኝ። ሦስተኛው ደግሞ “ይሄ ባህል አይደለም፣ ለፈረንጅ ተብሎ የተፈበረከ ነው” አለ። ቤት ስደርስ እናቴ “ጥንብ አንሺ ሳሎኔ አይገባም፣ ገድ የለውም” ብላ በረንዳ ላይ አስቀረችው። አሁን ደረቱ ላይ ስንጥቅ ወጥቷል። እግሩ ሥር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ዱቄት የመሰለ ነገር አገኛለሁ። ተሸውጃለሁ እንዴ? ምን ላድርግ?
ት.፣ ከአዳማ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አልተሸወድሽም። ግን መጀመሪያ ስለ ዱቄቱ እናውራ፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም።

ዱቄቱ የነቀዝ ሥራ ነው። ምስጥ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ጭቃ እየሠራ ሲወጣ ታዪ ነበር። ነቀዝ ግን እንጨቱ ውስጥ ሆኖ ይበላና የፈጨውን በትንንሽ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በጣም የሚወደው የግንዱን ነጭ የውጭ ክፍል ነው፤ ስታርች ያለው እዚያ ነው። የመሐሉ ጠቆር ያለው ክፍል እንደዚያ አይመቸውም። ስለዚህ ያንቺ አባ ኮዳ ቢያንስ እግሩ አካባቢ ከነጩ ክፍል የተቀረጸ ይመስለኛል።

አሁንም እየበላ መሆኑን እንዲህ አረጋግጪ። ዱቄቱን በብሩሽ ጥርግ አድርጊና ከሥሩ ጥቁር ፌስታል አንጥፊ። በበነጋታው እዪው። አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ አለ ማለት ነው። ምንም ከሌለ ለተወሰኑ ቀናት እየደጋገምሽ ተመልከቺ። አሮጌ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ዱቄት ዕቃው ሲነካ ይረግፋል፣ እሱ አያስደነግጥሽ።

ካለ ደግሞ ሁለት መንገድ አለሽ። የመጀመሪያው ብርድ ነው። እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ቀለሙንም ሽታውንም አይነካም። ባርኔጣውንም ጭምር በወፍራም ላስቲክ አጥብቀሽ ጠቅልዪው፤ ሣሩ ውስጥም ተባይ ሊኖር ይችላል። አየር በተቻለ መጠን አስወጪና በፕላስተር አሽጊው። ከዚያ ዲፕ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። የቤት ፍሪጅ ላይኛው ክፍል ስለማይበቃው ዓሣ ወይም ዶሮ የሚሸጥ የምታውቂው ሰው ካለ ቦታ ለምኚ። ስታወጪው ላስቲኩን ቶሎ አትፍቺው። አንድ ቀን እንደታሸገ ይዋል። አለበለዚያ ጤዛው እንጨቱ ላይ ያርፍና ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ሁለተኛው አናጢዎቻችን ሲጠቀሙበት የኖሩት ላምባ ነው። በመርፌ እየሳብሽ በየቀዳዳው ጠብ ጠብ ታደርጊያለሽ። ይሄ ደጅ፣ ከከሰልና ከክብሪት ርቆ የሚሠራ ሥራ ነው። ባርኔጣው የሚወልቅ ከሆነ አስቀድመሽ አውልቂው። ቤንዚን እንዳትጠቀሚ። እንቁላሉ ቆይቶ ስለሚፈለፈል ከጥቂት ሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል። ሽታው እስኪጠፋም ደጅ ይቆይ፣ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ በተለይ።

ስንጥቁን ለጊዜው አትንኪው። ያ ልጅ እርጥብ እንጨት ነው የቀረጸው፤ መንገድ ዳር የሚሠሩት አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። የደረቀ ግንድ ውድ ነው፣ ለመሮም ይጠነክራል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። የሚኮማተረው ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ዙሪያውን የሚኮማተረው ከዳር ወደ ልቡ ከሚኮማተረው ይበልጣል። ስለዚህ የግንዱ ልብ ከውስጥ ያለበት ሐውልት የሆነ ቦታ መሰንጠቁ አይቀርም። ደረቱ ላይ መሆኑ ጥሩ ነው፤ አንገቱ ላይ ቢሆን ያሳስበኝ ነበር። በረንዳ ላይ የአዳማ ፀሐይና ነፋስ እየተፈራረቁበት ስለሆነ ዛሬውኑ ወደ ውስጥ ይግባ። ፀሐይ የማይደርስበት፣ ከፍሪጅ ጀርባና ከቡና ከሰል የራቀ ጥግ ፈልጊለት። ለጥቂት ወራት ይድረቅ። ስንጥቁ መስፋቱን ሲያቆም ከዚያው ዓይነት እንጨት የወጣ ሰጋቱራ ከቪናቪል ጋር ለውሰሽ ሙዪው፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው። ቫርኒሽ አሁን አትቀቢ። እርጥበቱን ውስጡ ትዘጊበታለሽ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ሰም በጨርቅ ማሸት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ ልምጣ። ከሁሉም የከነከነኝ የነጩ እግር ነገር ነው።

አባ ኮዳ እግሩ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው። ሐዋሳ መጥቶ ያየ ሰው ግን ነጭ ነው ብሎ ይምላል። ምክንያቱም ወፉ ሙቀት ሲበዛበት ኩሱን እግሩ ላይ ይለቃል። ኩሱ ሲደርቅ ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል፤ እግሩም ኖራ የተቀባ ይመስላል። ይህን የሚያውቀው ጠዋት ጠዋት ዓሣ ሲበለት ቆሞ የተመለከተ ሰው ነው። አሞራ ገደል ጀልባዎቹ ሲገቡ እነ ቆሮሶ፣ እነ አምባዛ ይራገፋሉ። ልጆቹ በቢላ ይበልታሉ። አባ ኮዳዎቹ ትከሻቸውን ሰብስበው፣ አንገታቸውን ቀብረው አንጀቱ እስኪጣል ይጠብቃሉ። ያ ቀራጭ እዚያ ውሏል። ጓደኛሽ “አይቶትም አያውቅ” ያለችው ሰው ከኛ ሁላችን የበለጠ አይቶታል። ይህን ንገሪያት።

እስኪ አንቺም ዕቃሽን ቀረብ ብለሽ እዪው። አንገቱ ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት አለ? ራሱ መላጣ ነው ወይስ ላባ ሥሎበታል? ትከሻው ጎበጥ ብሏል? የእግሩ መታጠፊያ ወደ ኋላ ነው? እነዚህ በትክክል ካሉ ሠሪው ዓይን አለው። ብዙዎቹ ለመንገደኛ የሚቀርጹ ልጆች ወፍ ሲሠሩ ማንኛውንም ወፍ ነው የሚሠሩት። ምንቃሩን ካስረዘሙት አባ ኮዳ ይሉታል፣ ካሳጠሩት ንስር። ያንቺን ከሩቅ ሳታውቂው አልቀረሽም። ሳቅሽ የመጣው ለዚህ ይመስለኛል፤ ምስሉ ትክክል ስለሆነ፣ ባርኔጣው ደግሞ ስላልጠበቅሽው።

ስለ ባርኔጣው ደግሞ ሦስተኛው ጓደኛሽ ይስማኝ። የሀላባ ወንዶች ያንን ረጅም የሣር ባርኔጣ ይደፋሉ፤ የገበያ ቀን በሀላባ ከተማ በቁሊቶ ያልፍ የነበረ ሰው ሳያየው አይቀርም። ሀላባዎች ቤታቸውንም በቀለም ያስጌጣሉ። ግድግዳው ላይ እንስሳም አበባም ይሥላሉ። ባለቤቱ የወደደውን ነገር ግድግዳው ላይ ያወጣል። ይሄን ባህል አይደለም የሚል ሰው የለም። ታዲያ ሐዋሳ የሚኖር ቀራጭ የሐይቁን ወፍና የጎረቤቱን ባርኔጣ አንድ ላይ ቢያደርግ ምን ጥፋት አለው? ሐዋሳ ራሷ የሲዳማው፣ የወላይታው፣ የሀላባው፣ የጉራጌው፣ የአማራው፣ የኦሮሞው መገናኛ ናት። ሰው በየቀኑ በዓይኑ የሚያየውን ነው የሠራው።

“ለፈረንጅ የተፈበረከ” የሚለውን ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ሁሌም ያሳዝነኛል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሣጥን በሣጥን ከፋፍሎ የሚያሳየውን ሥዕል ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ 44 ሣጥን አለው። ያ ሥዕል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ለውጭ አገር ሰዎች እየተሸጠ ነው የተስፋፋው። ዛሬ ግን በየሆቴላችን ተሰቅሎ የራሳችን ነው የምንለው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የሚሠሩት ትንንሽ የሸክላ ምስሎችም እንዲሁ ናቸው። ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች ለመንገደኛ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። እነሱ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ጎረቤቶቻቸው ሥራውን ቀጠሉበት። ገዥ ስላለው ብቻ የእጅ ሥራ ውሸት አይሆንም። ሸማኔም ለገዥ ነው የሚሸምነው።

ውሸት የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። ነጭ እንጨት የጫማ ቀለም ተቀብቶ “ዞጲ ነው” ሲባል። የዚህ ዓመት ዕቃ ጭስ ላይ ውሎ “የአያቶቻችን ነው” ሲባል። ወደፊት ስትገዢ ጥጥ ላይ ትንሽ ዘይት አድርገሽ የማይታይ ቦታ ላይ አሺው። ጥቁር ከለቀቀ ቀለም ነው። በእጅሽም መዝኚው፤ ወይራ ከባድ ነው፣ ጥድ ሲፋቅ ይሸታል። ሻጩ ስለ እንጨቱ ሲጠየቅ ዓይኑን ሳያሸሽ የሚመልስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ስለ ሌላውም እውነቱን ይነግርሻል።

ዋጋውን በተመለከተ፦ 2,500 ብር አልበዛም። ጉልበት የሚደርስ ወፍ ከግንድ ለማውጣት በመጥረቢያ መጥረብ፣ በመሮ መቅረጽ፣ በሞረድ ማስተካከል፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ አለ። ቀጭን እግር የሚያወጣ ሰው አንዱ እግር ከተሰበረበት ሁሉንም ጥሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ባርኔጣውን ደግሞ ምናልባት ሌላ ሰው ነው የሠራው፤ ለእሱም ተከፍሏል። ልጁ ራሱ ሠሪው ካልሆነ ደግሞ ለሠሪው የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው። ጓደኞችሽ የዓሣ ሒሳብ ያስላሉ። አንድ ቀራጭ ስንት ቀን እንደሠራ ቢያስሉ ይሻል ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፦ የሠሪውን ስም ጠይቀሻል? በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ይሄን ለሁላችሁም እላለሁ። ስትገዙ “የመጨረሻው ስንት ነው?” ከማለታችሁ በፊት “ማን ሠራው?” በሉ። ሠሪው እዚያው ካለ ደስ ይለዋል፣ ስለ ሥራው ያጫውታችኋል። ከሌለ ሻጩ ስሙን ይነግራችኋል። ስሙን ከሥሩ በእርሳስ ጻፉበት፤ የገዛችሁበትን ከተማና ዓመተ ምህረቱንም። በየሙዚየሙ “ሠሪው ያልታወቀ” የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ያልታወቀው ስላልነበረ አይደለም፤ የገዛው ሰው ስላልጠየቀ ነው። ሐዋሳ የሚመላለስ ሰው ካለሽ ልጁን ጠይቆ ስሙን እንዲያመጣልሽ አድርጊ። እነዚህ ልጆች ቦታቸውን ቶሎ አይቀይሩም።

የእናትሽ ነገር ቀረ። እናትሽን አትከራከሪያቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው። አባ ኮዳ ብዙ ሰው አይወደውም፤ ሬሳና ጥንብ ላይ ስለሚታይ ነው። ግን ይህን ንገሪያቸው፦ አባ ኮዳዎቹ ባይኖሩ የዓሣው አንጀት እዚያው ይሸት ነበር። የሚያጸዱልን እነሱ ናቸው። ካሳመናቸው ጥሩ። ካላሳመናቸው ሳሎኑን ተዪው። በምንም መንገድ ሥዕለ አድኅኖው ፊት ለፊት ወይም ሥር አታቁሚው፤ እሱ ላይ እናትሽ ልክ ናቸው። መተላለፊያው ላይ፣ የጫማ መደርደሪያው አጠገብ፣ ወይም ያንቺ ክፍል ውስጥ ይሁን። እንግዳ ሲመጣና “ይሄ ምንድን ነው?” ብሎ ሲስቅ እሳቸው ራሳቸው ማስረዳት ይጀምራሉ። እኔ ቤት ያሉ ዕቃዎች ብዙዎቹ እንደዚያ ነው ቦታ ያገኙት።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ወደ አርባ ምንጭ ስንሄድ ሐዋሳ አደርን። ማታ አንድ ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ሐውልት ይዞ መጣ። ከኮንሶ የመጣ የጥንት ዋካ ነው አለን። ፊቱ ሻካራ፣ ግንባሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያለው፣ ታችኛው ጫፉ የበሰበሰ ነው። ከመካከላችን አሜሪካ የምትኖር እህታችን ወዳዋለች፤ ይዛው ልትመለስ ትፈልጋለች። ሰውዬው ስንመለስ እንደሚጠብቀን ነግሮናል። እውነተኛ መሆኑን በምን እናውቃለን? ሕጉስ ምን ይላል?
አ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይግዙት። እባክዎ እህታችንንም ይንገሩልኝ።

ዋካ ጌጥ አይደለም። ኮንሶዎች ጀግና ወይም የጎሣ አለቃ የሆነ ሰው ሲሞት የሚያቆሙለት መታሰቢያ ነው። መሐል ላይ ሟቹ ይቆማል። ግራና ቀኙ ሚስቶቹ፣ ከዚያ የገደላቸው ጠላቶችና አራዊት ይደረደራሉ። እርስዎ ቀንድ የመሰለዎት ግንባር ላይ ያለው ነገር የክብር ምልክት ነው። የሚቀረጸው ከጥድ ነው፤ ጥድ ዝናብና ፀሐይ ስለሚችል። ታችኛው ጫፉ የሚበሰብሰው መሬት ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቆም ነው። ስለዚህ ያ ሰው ያሳያችሁ ዕቃ እውነተኛ ከሆነ ከአንድ ቤተሰብ መታሰቢያ ላይ ተነቅሎ የመጣ ነው። አንዱ ሲነቀል የቀሩት ሚስቶችና ልጆች ያለ ባል፣ ያለ አባት ቆመው ይቀራሉ። ኮንሶዎች ለዓመታት በዚህ ስርቆት ተሰቃይተዋል።

እውነተኛ ካልሆነ ደግሞ አዲስ እንጨት አፈር ውስጥ ቀብረው፣ ጭስ አጥነው ያረጁት ነው። ይህን ማድረግ ከባድ አይደለም። ያን ጊዜ ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለውሸት ነው። በሁለቱም መንገድ አይገዛም። እኔ ስለዚህ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለያ ዘዴ አላስተምርዎትም። በጨለማ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣ መሆኑ በቂ መልስ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የኮንሶ መልክዓ ምድር ከነእርከኑና ከነመንደሮቹ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዋካዎቹም የዚያ ባህል አካል ናቸው። ቦሌ ላይ ሻንጣዋ ሲፈተሽ ከተገኘ ጉዳዩ ዕቃውን በመቀማት ብቻ ላያበቃ ይችላል።

ይልቅ አርባ ምንጭ ድረስ ከሄዳችሁ አይቀር አልፋችሁ የኮንሶ ዋና ከተማ ካራት ግቡ። ካራት ባለው ሙዚየም ከስርቆት የዳኑ ዋካዎች ቆመዋል። እህታችን እነሱን ፊት ለፊት ካየች በኋላ ያንን ጥቅልል የምትመኘው አይመስለኝም። ማስታወሻ ከፈለገች አዲስ የተሠራ፣ አዲስ ነው ተብሎ በቀን ብርሃን የሚሸጥ ትንሽ ምስል ትግዛ። ደረሰኝ ትቀበል። አዲስም ቢሆን አሮጌ የሚመስል ዕቃ ኤርፖርት ላይ ሊያስቆም ስለሚችል ከበረራዋ ቀደም ብላ አዲስ አበባ የቅርስ ባለሥልጣን ዕቃውን ይዛ ሄዳ ማረጋገጫ ትውሰድ። ለመጨረሻ ቀን አታቆየው። የብራና መጽሐፍ፣ አሮጌ መስቀል፣ የጉሬዛ ቆዳ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካጋጠማችሁም መልሱ ያው ነው፤ አይሆንም ብላችሁ እለፉ።

ሐዋሳ ስትመለሱ ሰውዬው ከጠበቃችሁ ከመግዛት ይልቅ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወይም ለፖሊስ አሳውቁ። ይህን የምለው ሰው ለማሳሰር አይደለም። ኮንሶ ውስጥ የአባቱን መታሰቢያ የሚፈልግ ቤተሰብ ሊኖር ስለሚችል ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኛ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ ሐዋሳ ነው የምንኖረው። ለእረፍት ወጣ ብለን ስንመለስ መንገድ ላይ ሁለት አፍ ያለው ትልቅ ጀበና አየን። ሸክላ ሠሪዋ “እንዲሁ ደስ ብሎኝ ሠራሁት” አለችን። ተዋጥተን ገዛነው። አሁን ማን ቤት ይቀመጥ በሚል ተጣላን። ደግሞስ ቡና ይፈላበታል?
የሰፈር ልጆች፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጆቼ፣ አትጣሉ። እንደ ማኅበር ጽዋ ይዙር። ወር በገባ ቁጥር አንዳችሁ ቡና ታፈላላችሁ፤ ባለ ተራው ጀበናውን ይረከባል፣ በሚቀጥለው ወር ለተረኛው ያስረክባል። የሚሰበር ከሆነ የሰበረው ሰው ያቺኑ ሴትዮ ፈልጎ ሌላ ያሠራል። ይህን ዛሬውኑ ተስማሙ፤ ከተሰበረ በኋላ መስማማት ከባድ ነው።

ይፈላበታል፣ ግን መጀመሪያ ይሟሽ። በደንብ እጠቡትና ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። በሁለቱም አፍ እኩል ይፈስ እንደሆነ፣ የሚያዥበት ቦታ እንዳለ እዩ። ሆዱ ላይ ወዝ ብቻ ቢያወጣ አትስጉ፤ አዲስ ሸክላ ነው፣ ሲሟሽ ይደፈናል። ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ግን ለአበባ ይሁን። ካላፈሰሰ የቡና አተላ ከውሃ ጋር ጨምራችሁ በዝግታ እሳት ላይ አፍሉት፤ ደፍታችሁ እንደገና ድገሙት። ከሰሉ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይሁን። አዲስ ሸክላ ድንገት ትልቅ እሳት ላይ ከተጣደ ይሰነጠቃል። ትልቅ ስለሆነ ሆዱ ቶሎ አይሞቅም፤ አትቸኩሉበት። ስትቀዱ ደግሞ አንዱን አፍ በቄጠማ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ወትፉት፤ አለዚያ ግማሹ ቡና ረከቦቱ ላይ ይፈሳል።

ያቺን ሴትዮም እንደገና ሂዱባትና ስሟን ጠይቁልኝ። ደስ ብሏት የሠራችው ሌላ ምን ምን እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ።